ሽማግሌዎቹ ሲገባበዙ ከካርታው የወደቀችው መንገዳችን

ለቡ፣ ሚኒባሱ የመጨረሻውን ሰው አውርዶ ከሚዞርበት ቦታ ጀርባ፣ ዘጠኝ ቤት ያላት አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። ስም የላትም። «ወራጅ አለ» ብዬ ስነሳ የሚያውቁኝ ረዳቶች «እማማ ጋ ነሽ?» ይሉኛል፤ እኔም «አዎ፣ እማማ ጋ» እላለሁ። አድራሻችን ይኸው ነው።

እማማ አከራዬ ናቸው። ከመካኒሳ አቦ ተነስቼ አልጋዬን፣ ልጄንና የስፌት መኪናዬን በአንድ ፒካፕ ጭኜ ስመጣ በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። ዓይናቸው ከስፌት መኪናው ላይ አልነሳ አለ።

«ይሄ ነገር ይጮሃል?» አሉኝ።

«ትንሽ ይጮሃል እማማ። ግን ቀን ቀን ብቻ ነው የምሰፋው፤ አይረብሽዎትም።»

«ማን ረበሸኝ አለሽ? ይጩህ። ይሄ ቤት ዝም ካለ ስንት ጊዜው!»

ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውም በየፊናቸው ወጥተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዬ ትንሽ ጸጥ ካለ በመስኮቴ ብቅ ይሉና «ምነው፣ ክር ተበጠሰብሽ?» ይሉኛል። ክር አልተበጠሰብኝም፤ አንዳንዴ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥም ያምረዋል። እሳቸው ግን አያምኑኝም፤ ገብተው ያያሉ።

እኔ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከእሷ ደብተር ነው። እሷ ሁለተኛ ክፍል ስታልፍ እኔም አብሬ አለፍኩ፤ ልዩነቱ እኔን የፈተነኝ አለመኖሩ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ የተጻፈ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። የመድኃኒት ወረቀት አነባለሁ፣ ግንብ ላይ የተለጠፈ አነባለሁ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ጀርባም አነባለሁ። ይሄ ሁሉ የደረሰውም በዚሁ አመሌ ነው።

እማማ ጉልበታቸው ታማሚ ነው። በዱላ ከቤት እስከ በር፣ ከበር እስከ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ይሄዳሉ። እስካለፈው ምርጫ ድረስ እኛ መንገድ ያለን ሰዎች ድምፅ የምንሰጠው ከትልቁ አስፋልት ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ነበር። አስፋልቱን መሻገሪያው ደግሞ የእግረኛ ድልድይ ነው፤ ደረጃ ብቻ። የምርጫው ዕለት ባጃጅ ይዘንላቸው ወጣን፤ ባጃጁ አስፋልቱን መሻገር ስለማይፈቀድለት ድልድዩ ሥር ደርሶ ቆመ። ሁለት ጎረምሶች «እኛ አለን» ብለው ክንድ ለክንድ ተቆላለፉና እማማን አስቀምጠው ደረጃውን ይወጡት ጀመር። መሃል ላይ ሲደርሱ፣ ከታች አንድ ረዳት ከታክሲው አንገቱን አውጥቶ «ሙሽራዋ መጣች! እልል በሉ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የምርም እልል ያለች ነበረች። እማማም ሳቁ። እኔ ግን አጠገባቸው ስለነበርኩ ነጠላቸውን ጨምድደው የያዙትን ጣቶች አይቻለሁ።

ቤት ስንመለስ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ «ሁለተኛ በሰው ክንድ አልሄድም» አሉ። «በእግሬ ካልደረስኩ ይቅርብኝ።»

«እማማ፣ ልጁ ለጨዋታ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ጥሩ ልጅ ነው። እኔ ግን ጆንያ አይደለሁም።»

እማማ ይቅርብኝ ካሉ ይቀርባቸዋል። ስኳር ይቅርብኝ ብለው አንድ ቀን የተዉትን እስከ ዛሬ አልቀመሱትም። መምረጥን ግን ይወዱታል፤ መውደድ ብቻ አይደለም። አንዴ እንዲህ ብለውኛል፦ «ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ባለበት ሁሉ ለእኔም የሚናገረው እሱ ነበር። እዚያች መጋረጃ ውስጥ ስገባ ማንም የለም። ምልክቱን የማደርገው እኔ ነኝ።» ጣታቸው ላይ የሚቀረውን ቀለም ደግሞ ቶሎ አይታጠቡትም ነበር። ሊጥ ሲያቦኩ እንኳ ያችን ጣት ከፍ አድርገው ነው።

እንግዲህ ቀጣዩ ምርጫ ሲቃረብ ወሬ መጣ። የምርጫ ክልል ወሰን እንደገና ሊሰመር ነው ተባለ። የምርጫ ክልል ምን እንደሆነ እኔም በደንብ የተረዳሁት ያኔ ነው። ለካ ከተማው እንደ ጨርቅ ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ለፓርላማ የየራሱን ሰው ይልካል። ሁለቱ ቁራጮች የሚገናኙት እኛ ጋ ነው። ከእኛ በታች፣ ወደ ፉሪ በሚወስደው በኩል፣ የድሮው ሰፈር አለ፤ ያ የገበሬዎቹ፣ እማማም ተድረው የመጡበት። ከእኛ በላይ ደግሞ የማህበር ቤቶቹ አሉ፤ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ከየአገሩ የመጣው። የታችኞቹ ያን ከአስፋልት ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የላይኞቹ የሚመርጡት እዚሁ፣ አስፋልት በማያሻግረው መዋዕለ ሕፃናት ነው። የእኛ መንገድ መሃል ላይ ሆና ስትቆጠር የኖረችው ከታችኞቹ ጋር ነበር።

ወሬውን ስነግራቸው እማማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ወደ ላይ ሊወስዱን ይችላሉ?»

«ሊሆን ይችላል እማማ።»

«መዋዕለ ሕፃናቱን በእግሬ እደርሰዋለሁ» አሉ። ምን እንደሚሹ ገባኝ።

ስብሰባው እሁድ ከሰዓት ሆነ፤ የሁለቱም ሰፈር እድሮች በአንድ ድንኳን። የእድር ድንኳን ያለ ለቅሶ ተተክሎ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አንዲት ሴትዮ ከሚኒባስ ወርዳ ድንኳኑን ስታይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ወይኔ፣ ማን ነው?» እያለች ልታለቅስ ተጠጋች። «ማንም አልሞተም፤ ካርታ ነው» አልናት። ደንግጣ ነጠላዋን አስተካከለችና «ካርታስ ቢሆን፣ እግዜር ያጽናችሁ» ብላን ሄደች።

ከምርጫ ሰዎቹ የመጣችው ላፕቶፕ የያዘች ወጣት ሴት ነበረች። ጥሩ ልጅ ናት፤ አነጋገሯም ግልጽ።

«እስከ ዛሬ ወሰን የሚሰመረው ቢሮ ውስጥ ነው» አለች። «አስፋልትና ወንዝ ተከትሎ። በዚህ ምክንያት አንዱ ሰፈር ለሁለት ሲከፈል፣ ሰው ከማያውቀው ጋር ሲደባለቅ ኖሯል። አሁን አሠራሩ ይሻሻል ተብሎ መጀመሪያ የምንጠይቀው ነዋሪውን ነው። ሰፈራችሁ እስከ የት ነው?»

የድሮው ሰፈር እድር ዳኛ ተነሱ። የእማማ ባል ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳቸው ናቸው፤ እኛ አባባ ዳኛ እንላቸዋለን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ኮታቸው ቁልፉ እስከ ላይ የተቆለፈ። «የእኛ እስከ ወፍጮ ቤቱ አጥር ነው» አሉ።

የማህበር ቤቶቹ እድር ሊቀመንበር ቀጠሉ፤ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁ። «የእኛ ደግሞ ኮብልስቶኑ እስከሚያልቅበት።»

ልጅቷ ካርታውን አየች። «በመሃል አንድ መንገድ ቀረ እኮ። ዘጠኝ ቤት አለ። የማን ነው?»

አባባ ዳኛ እጃቸውን ወደ ሊቀመንበሩ ዘረጉ። «የእነሱ ይሁን።»

«ኧረ በፍጹም!» አሉ ሊቀመንበሩ። «መሬቱ የእነሱ ነበር፤ እኛ ትናንት የመጣን ነን። እንዴት አድርገን እንወስዳለን? የእነሱ ነው።»

«ትናንት አትበል ወንድሜ። ቤት ሠርታችሁ፣ ልጅ አሳድጋችሁ፣ ለቅሶ ደርሳችሁን። ይሁንላችሁ።»

«አይደረግም ጋሼ። በሞቴ።»

«አንተ አትሙት! ውሰዱ ብያለሁ።»

«እግዜር ያሳይዎ፣ ይሄማ ነውር ነው።»

ሰው በየዋህነታቸው ደስ አለው፤ «አቤት ጨዋነት!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ልጅቷ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ታያለች። ለአራተኛ ጊዜ «የእነሱ ነው» ሲባል፣ «እሺ፣ ለአሁኑ ሁለታችሁም የተናገራችሁትን እመዘግባለሁ፤ መንገዷን ተነጋገሩባት» አለችና ጻፈች። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እኛም አጨበጨብን። እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ። እዚያች መንገድ ውስጥ የምኖር ሰው ተነስቼ «እኛን እኮ ነው የምትገባበዙት» ማለት ነበረብኝ፤ በሁለት ሽማግሌ መሃል ገብቶ መናገር አሳፈረኝ። አጨብጭቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማንም አልተነጋገረም። አባባ ዳኛ ሊቀመንበሩ እንደወሰዱ፣ ሊቀመንበሩም አባባ ዳኛ እንደወሰዱ አሰቡ መሰለኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዚፕ ልገዛ ስወጣ የወረዳው አጥር ላይ ረቂቁ ካርታ ተለጥፎ አገኘሁት። ቆምኩ፤ መቼም አላልፍም። የታችኛው ሰፈር ቢጫ ነው፣ የላይኛው አረንጓዴ። መሃል ላይ ጣት የምታህል ነጭ አለች። በዓይኔ ወፍጮ ቤቱን ፈለግኩ፣ ኮብልስቶኑን ፈለግኩ፤ ነጯ እኛ ነን። የስፌት አዲስ ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያውን ቀሚስ ስቆርጥ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ቆርጬ፣ ላያይዛቸው ሳጠጋጋ ጎን ለጎን አልደርስ ብለው አልቅሻለሁ። ለስፌት የሚሆን ትርፍ መተው እንዳለብኝ ማንም አልነገረኝም ነበራ። ያ ቀሚስ ትዝ አለኝ።

ከካርታው ሥር በትንሹ የተጻፈውን አነበብኩ። አስተያየት ያለው እስከ ዓርብ ያቅርብ፤ ነዋሪዎች ያልተስማሙባቸው ቦታዎች እንደ ቀድሞው ይቀጥላሉ ይላል። እንደ ቀድሞው ማለት ድልድዩ ነው፤ ለእማማ ደግሞ ቤት መቅረት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ዚፑን ሳልገዛ ተመለስኩ።

እማማ ስነግራቸው ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ዋርሳዬ ነው እንግዲህ» አሉ። «ሄደሽ ንገሪው። እሷ አልላከችኝም በይው፤ ግን ንገሪው።»

አባባ ዳኛ ግቢያቸው ውስጥ ላሟን እያሰሩ ነበር። ከተማው ቢከባቸውም አንዲት ላም አልተዉም። ነጯን መንገድ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ጠፋ?» አሉ። «እንደ ቀድሞው ከሆነ ከእኛ ጋር ናችሁ ማለት ነው። ጥሩ።»

«አባባ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ በስብሰባው ላይ ለእነሱ ይሁን ያሉት?»

ገመዱን እንደያዙ ዞረው አዩኝ፤ ሞኝ እንደሚታይ። «እሱማ ለወጉ ነው። ሰው ሲጠይቅሽ ውሰድ አትይም? እሱ ደግሞ እምቢ ማለት አለበት፤ አለም። ጨዋ ሰው ነው። ከዚያ ልጅቷ ወደ እኔ ተመልሳ ‹እንግዲያስ የእርስዎ ነው› ማለት ነበረባት። የዛሬ ልጅ አትጨርስም፣ ጻፈች።»

ሳቄ መጣ። ሳቄን ዋጥኩና ስለ እማማ ጉልበት፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለዚያ «ሙሽራ» ነገር ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«የወንድሜን ሚስት ለማህበር ቤቶቹ አሳልፌ ልስጥ? እሷ ናት እንዲህ ያለችሽ?»

«አልላኩኝም።»

«እሷ ናት» አሉና ላሟን ትተው ዱላቸውን አነሱ።

ስንደርስ እማማ በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ። አንድ እፍኝ ዘገኑና፣ ምን እንደመጣ ሳይጠይቁ ሰጡዋቸው። አባባ ዳኛ ቆመው ተቀበሉ።

«ሰው ምን ይላል?» አሉ። «የወንድሙን ሚስት ሰጣት አይልም?»

«ሰጣት? ጊደር ነኝ እንዴ?»

«እንዲያ አላልኩም።»

«እንዲያ ነው ያልከው። ቁጭ በል፣ አንገቴን አታሳመኝ።»

ተቀመጡ። «ልጆቼ አሉ» አሉ ረጋ ብለው። «ተሸክመው ያሻግሩሻል። መቼ አነሱሽ?»

«አልሸከምም።»

«ኮራሽ።»

«ኮራሁ።»

እኔ ምን ላድርግ፣ እሸቱን ወደ እኔ ሳብ አድርጌ መፈልፈል ጀመርኩ። እማማ እጃቸውን ከባቄላው አነሱ።

«ስሞት ድንኳኔን የሚተክለው ማን ነው?» አሉ።

«ምን ማለት ነው? እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊተክል?»

«ይኸው። ለቅሶዬ የአንተ ነው። እድሬ የአንተ ነው። ማንም አይወስድብህም። ድምፄን ግን እግሬ በሚያደርሰኝ ቦታ ልስጠው። ወንድምህ ቢኖር ይፈቅድልኝ ነበር አልልህም፤ እሱ ካንተ ይብሳል። አንተን ነው የምጠይቅህ።»

አባባ ዳኛ እጃቸው ላይ ያለውን እሸት አንድ በአንድ በሉ። ሲጨርሱ ተነሱና «ሂን ታኡ» አሉ፤ በኦሮምኛ አይሆንም ማለታቸው ነው። ጮክ ብለው አልነበረም። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ሄዱ።

እኔ እሸቱን አስቀመጥኩ። «አሁንስ እማማ?»

«ይመለሳል» አሉኝ። ሁለት ፍሬ እሸት ወደ አፋቸው ጣል አደረጉ። ግን ያን ቀን ሲመሽ መኪናዬ ዝም ቢልም በመስኮቱ ብቅ አላሉም።

በማግስቱ ረቡዕ አልመጡም። ሐሙስ ጠዋት የደንብ ልብስ ኪስ እየገጠምኩ ሳለ መስኮቴ በዱላ ተንኳኳ። አባባ ዳኛ ናቸው፤ ላብ አጥልቋቸዋል፤ የኮታቸው የላይኛው ቁልፍ ተፈትቷል። በሕይወቴ ያንን ቁልፍ ተፈትቶ አይቼው አላውቅም።

«መስፋቱን ተዪውና ነዪ» አሉ።

«የት አባባ?»

«ወረዳ። ያቺ ልጅ ዛሬ እዚያ ናት ብለውኛል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ድልድዩን ወጣሁት። ሁልጊዜ ልጄ በመኪና ዞሮ ነው የሚያሻግረኝ፣ አላውቀውም ነበር። መሃሉ ላይ ሁለቴ ቆምኩ። ያንን ደረጃ ማንን ሊገድሉበት ነው የሠሩት?»

«ለእማማ ልንገራቸው?»

«ለእሷ እንዳትነግሪ! ደረጃውን አንተ ከወጣኸው እኔም እወጣዋለሁ ትላለች።»

በመንገዳችን ሊቀመንበሩን ከቤታቸው ጠራናቸው። ስለ ነጯ መንገድ አልሰሙም ነበር፤ ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው «እኔ እኮ የወሰዳችሁ መስሎኝ ነው!» አሉ። ደነገጡ። ሦስታችን ወረዳ ደረስን። ልጅቷ ያለችበት ክፍል በሩ ክፍት ነው። ታዲያ ሁለቱ በር ላይ ቆሙ።

«ይግቡ ጋሼ።»

«ግባ አንተ።»

«ኧረ ታላቅ እያለ!»

«እንግዳ ይቀድማል።»

ከኋላችን ሰልፍ የያዘ ሰው ሁሉ ቆሟል። በዚያች ደቂቃ የዚያ የእሁዱ ጭብጨባ ነው የመጣብኝ። በሁለቱ መሃል ሾልኬ ቀድሜ ገባሁ። «ይቅርታ አባቶቼ» አልኩ፤ ግን ገባሁ።

ልጅቷ አወቀችን። «አሃ፣ ነጯ መንገድ!» አለች። «ስጠብቃችሁ ነበር። ተስማማችሁ?»

አባባ ዳኛ ዱላቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ። «ከላይኞቹ ጋር ትሁን። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ጋር። ጻፊው ልጄ። ለወጉ አይደለም፤ የምሬን ነው።» ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «አንተ ደግሞ እምቢ እንዳትል።»

የሊቀመንበሩ አፍ በልማድ ተከፈተ። «ኧረ ጋሼ፣ እንዴት ተደርጎ...»

እግራቸውን ረገጥኩ። ሆን ብዬ ነው፤ ንስሐም ገብቼበታለሁ።

«...እንዴት ተደርጎ እምቢ እላለሁ፣ ልል ነው» አሉ እግራቸውን እየሰበሰቡ። «እንቀበላለን። በደስታ። ብቻ ለቅሶና ሠርጉ እንደ ድሮው ይሁን፤ ከጋሼ እድር አንድ ሰው አንነካም።»

«እሱን ይሄ ካርታ አያውቀውም» አለች ልጅቷ። «እኔ የምጽፈው የት እንደምትመርጡ ብቻ ነው።»

ላፕቶፑን ወደ እኛ አዞረችው። መስመሩን በጣቷ እየጎተተች በወፍጮ ቤቱ አጥር በኩል አሳለፈችው። ዘጠኛችንም አረንጓዴ ሆንን። እኔ ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ስፌቱ ገጥሟል። «እዚህ ጋ የእማማን በረንዳ አልቆረጥሽውም?» አልኳት። አጎላችውና አሳየችኝ፤ በረንዳው ሙሉ ነው። አባባ ዳኛም አጎንብሰው አዩና፣ «አጥሩን እኮ እኔና ወንድሜ ነን ያጠርነው» አሉ። ልጅቷም «ጥሩ አጥር ነው» አለቻቸው።

የመጨረሻው ካርታ ሲለጠፍ ስልኬን ይዤ ሄጄ ፎቶ አንስቼ ለእማማ አሳየኋቸው። ካርታ አይገባቸውም፤ ለረጅም ጊዜ ግን ያዙት።

«ምርጫው መቼ ነው?» አሉ።

«ገና ነው እማማ፤ ወራት አለው።»

«እንግዲያስ ነገ እንሂድ።»

«የት?»

«መዋዕለ ሕፃናቱ ጋ። አፌን ሞልቼ በእግሬ እደርሳለሁ ብያለሁ። ካልደረስኩስ? ያን ሁሉ ሰው አስቸግሬ በመጨረሻው ቀን ልፈር? መጀመሪያ ልየው።» ቀሚሳቸውን ከታች ያዙልኝ። «ይሄን ደግሞ ጣት ያህል አሳጥሪልኝ፤ እንዳያደናቅፈኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ወጣን። እኔ በግራቸው ነኝ፤ ግን እንዳልነካቸው አስጠንቅቀውኛል። መጀመሪያ ኮብልስቶኑ የሚጀምርበት ጋ አረፍን፤ ቀጥሎ አንድ ቤት ሠሪ ያከማቸው ብሎኬት ላይ ተቀመጡ። ሠራተኞቹ «እማማ፣ የት ነው?» ሲሉዋቸው «ሥራ አለኝ» ይላሉ። ወደ ኋላ ዞር ስል አባባ ዳኛ ከሩቅ ይከተሉናል፤ ስናርፍ ያርፋሉ፣ ስንነሳ ይነሳሉ።

«ወዴት ነው አባባ?» ብዬ ጮህኩ።

«ወፍጮ ቤት!»

ወፍጮ ቤቱ ከኋላቸው ነው፤ እህልም አልያዙም።

«ተዪው» አሉ እማማ ሳይዞሩ። «ያዳምጣል ጉልበቴን። ሲንቋቋ ሊሰማ ነው።»

ሦስተኛው ቦታ ላይ ረጅም አረፉ። ፊታቸው ገርጥቶ ነበርና ፈራሁ። ባጃጅ ሲያልፍ ዓይኔ ተከተለው፤ አዩኝ። «አንቺ» አሉኝ፣ «ዓይንሽን ሰብስቢ።» ከዚያ ዱላቸውን ተክለው ተነሱ። የቀረውን ሳያርፉ ሄዱት፤ ትንሽ ነው፣ ግን ሽቅብ ነው።

የመዋዕለ ሕፃናቱ በር በቢራቢሮና በአበባ ሥዕል ተቀብቷል። ዕረፍት ስለነበር ተዘግቷል። ጥበቃው፣ ብርድ ልብስ የደረቡ ጎልማሳ ሰው፣ ከትንሿ በር ወጡ።

«ምን ልርዳችሁ? ምዝገባ ከሆነ አልተጀመረም። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ። «ልመርጥ ነው።»

ጥበቃው እኔን አዩኝ። «ምርጫው ገና እኮ ነው፣ እናቴ።»

«አውቃለሁ። መንገዱን ላየው ነው የመጣሁት።»

ሰውየው ገብተው የራሳቸውን ወንበር አውጥተው አስቀመጡላቸው። እማማ ተቀመጡ፤ እግራቸውን ዘረጉ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። እኔ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ደከመዎት ወይ፣ ስንመለስስ እንዴት ልንሆን ነው። አባባ ዳኛ ደግሞ መንገዱ ማዶ ቆመው አጥር የሚመረምሩ መስለዋል።

«ልክፈትልዎ እንዴ? ውስጡን ማየት ከፈለጉ» አሉ ጥበቃው።

«አሁን አትክፈተው» አሉ እማማ። «ያን ቀን ራሴ እገባለሁ። ይልቅ ደፉ ከፍ ያለ ነው ወይስ ዝቅ ያለ? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«ደፍ የለውም። ልክ ከመሬቱ ጋር ነው፤ ለሕፃናቱ ተብሎ።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ፤ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ። «ሰማሽ?» አሉኝ። «ሂጂ ለዋርሳዬ ንገሪው። ደፍ የለውም በይው።»